የስም ምስክርነት

ከቡሬ ወደ ደምበጫ በአውቶቡስ ስታልፉ ፍኖተ ሰላም የሚለውን ታፔላ አንብባችሁ ይሆናል። የሰላም መንገድ ማለት ነው። የመንገድ ዳር መታሰቢያ ሁሉ ከድንጋይ አይሠራም፤ የዚህች ከተማ መታሰቢያ ስሟ ነው። ስሙን ያወጡላት አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ ያለፉት በዚሁ መስመር ነበርና።

ስሙ መልካም ነው። ከድል ይልቅ ሰላምን ማስቀደሙ ያስመሰግነዋል። ምስክርነቱ ግን ጎደሎ ነው፤ ያለፉትን ንጉሥ እንጂ መንገዱን የከፈቱትን አይናገርም። ለአምስት ዓመት ጣሊያንን እረፍት የነሱት እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ በስሙ ውስጥ የሉም። ከንጉሡ ጋር ከሱዳን ለገባው ጦር እንግሊዛዊው አዛዥ ዊንጌት ከመጽሐፍ ቅዱስ ወስዶ «የጌዴዎን ጦር» የሚል ስም ሰጠው። ሆኖም በዚያ ጦር ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ጎን የተሰለፉት የሱዳን ድንበር ሻለቃ ወታደሮች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ስንቅና ጥይት ከተሸከሙት በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎችም አብዛኞቹ ደጋውን ሲወጡ አልቀዋል።

ይህን የምንለው ክብር ለመሻማት አይደለም። ታሪክ አማና ነው። ምስክር የሚያውቀውን ከፊሉን ካስቀረ፣ የተናገረው እውነት ቢሆንም የሌላውን ሐቅ አጉድሏል።

ስም አጭር ነው፤ የቀረውን መሙላት የወላጅና የመምህር ድርሻ ነው። ልጆቻችሁ «ለምን ፍኖተ ሰላም ተባለች?» ብለው ሲጠይቁ ንጉሡን ብቻ ነግራችሁ አታቁሙ። አርበኛውንም፣ ከሱዳን በእግሩ የመጣውንም ወታደር ንገሯቸው።