ለማን ነው የሚያወራው?

አንቶን ቼኾቭ «ስለ ትምባሆ ጎጂነት» የተባለችውን የአንድ ሰው ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1886 በሁለት ሰዓት ተኩል እንደጻፋት ራሱ ተናግሯል። ጽፎ ግን አልተዋትም። ሲቆርጥ ሲቀጥል ኖሮ የመጨረሻ መልኳን ያስያዛት በ1902 ነው፤ ቧልት ሆና የጀመረችው ነገር በስተመጨረሻ እያሳቀች ሆድ የምታባባ ሆነች። ንዩኺን የሚባል አሮጌ ኮት የለበሰ ሰው ስለ ትምባሆ ጎጂነት ንግግር ሊያደርግ ይወጣል። እሱ ራሱ አጫሽ ነው። ንግግሩን ያዘዘችው አዳሪ ትምህርት ቤት ያላት ሚስቱ ናት፤ የእሷ ትእዛዝ ደግሞ አይመለስም። ትምባሆው ወዲያው ይረሳና ሰውዬው የ33 ዓመት የትዳር ብሶቱን መዘርገፍ ይጀምራል።

ይህችን ተውኔት በወጣት ማዕከል ወይም በቀበሌ አዳራሽ ለማቅረብ የተነሳ አዘጋጅ ግማሹ ሥራ ተሠርቶለታል። ቼኾቭ የጻፈው ቦታ የአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ ክበብ መድረክ ነው። የፕላስቲክ ወንበሩ፣ ጨርቅ የለበሰው ጠረጴዛ፣ የታሸገው ውሃ፣ ካለፈው ስብሰባ ግድግዳው ላይ የቀረው ባነር ሁሉም ዲኮር ነው። ባነሩን ለማውረድ መሰላል ፍለጋ የሚሯሯጥ ካለ ቢተወው ይሻላል።

አማተር አዘጋጆች የአንድ ሰው ተውኔት ሲያነሱ ቀድመው የሚጨነቁት ስለ ተዋናዩ ነው። ያን ሁሉ ቃል ይይዘዋል? ብቻውን መድረኩን ይሞላዋል? ከዚያ በፊት መልስ የሚያሻው ግን ሰውዬው ለማን ነው የሚያወራው የሚለው ነው። ንዩኺን የሚያወራው ለክበቡ አባላት ነው። እንግዲያው ተመልካቹም ድርሻ አለው። የአዳራሹ መብራት አይጠፋም፤ ንዩኺን ፊቶችን እያየ፣ የፊት ወንበር ላይ ያለችው ሴት ሚስቱን እየመሰለችው እየደነገጠ ይናገራል። የመድረክ መሪውም ቴአትር የሚል ቃል ሳያነሳ «ክቡራትና ክቡራን፣ የዕለቱ ተናጋሪያችን» ብሎ ቢጋብዘው ጨዋታው ከዚያው ይጀመራል።

ሌሎች ተውኔቶች ሌላ መልስ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1930 ፓሪስ በኮሜዲ ፍራንሴዝ በታየው የዣን ኮክቶ «የሰው ድምፅ» አንዲት ሴት ጥሏት ከሚሄደው ፍቅረኛዋ ጋር በስልክ ታወራለች፤ የእሱን ድምፅ አንሰማም። እዚህ አዘጋጁን የሚያደክመው ዝምታው ነው። የሰውየውን ቃል አንድ ሳይቀር ጽፎ በልምምድ ጊዜ ከመጋረጃ ጀርባ ማስነበብ ይረዳል፤ ኋላ አንባቢው ሲቀር ተዋናይቷ የምትሰማው ነገር ይኖራታል። መስመሩ በየመሃሉ ስለሚቋረጥ ስልኩን ሞባይል ላድርገው የሚል አይጠፋም፤ የኔትወርክን ነገር የማያውቅ የለማ! ግን ሴትዮዋ አንገቷ ላይ የምትጠመጥመው ገመድ አብሮ ይቀራል፤ እሱ ከቀረ ተውኔቱ ጥርሱ ረገፈ።

የሳሙኤል ቤኬት ክራፕ ደግሞ (ለንደን፣ ሮያል ኮርት፣ 1958) በ69 ዓመቱ የሚያዳምጠው በ39 ዓመቱ የቀዳውን የገዛ ድምፁን ነው። ቴፑ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ድምፁ ከአዳራሹ ግድግዳ ከመጣ ነገር ተበላሸ፤ ትንሽ ስፒከር ከጠረጴዛው ሥር መደበቅ ነው። እዚህ አገር በረከት በላይነህ ጽፎት ግሩም ዘነበ የተጫወተው «እያዩ ፈንገስ» አለ፤ ፌስታሉን የያዘው «እብድ» ነገሩን የሚነግረው ፊት ለፊቱ ለተቀመጠው ሕዝብ ነው።

የንዩኺን ኮት ብቻውን ብዙ ሥራ አለው። ወደ መጨረሻው ግድም ሰውዬው ከ33 ዓመት በፊት ያገባበትን ኮት አውልቆ ይጥለዋል፣ ይረግጠዋል፤ ጀርባው ያለቀውን ሰደርያውን ዞሮ ለሕዝቡ ያሳያል። ወዲያው ሚስቱ ከመድረኩ ጥግ መቆሟን ሲያይ ኮቱን እየተጣደፈ መልሶ ይለብሳል። በንዴት የወለቀ ኮት እጅጌው ይገለበጣል፤ የተገለበጠ እጅጌ ደግሞ በጥድፊያ አይለበስም። ገበሩ የተተረተረ ከሆነም ክንድ ውስጡ ይቀረቀራል። ስለዚህ ገበሩ እጅጌው ጫፍ ላይ ዙሪያውን ይጠለፋል፣ ኮቱም ከተዋናዩ ልክ አንድ ቁጥር ከፍ ይላል፤ ከዚያ እየተናገሩ ማውለቅ፣ እየተናገሩ መልበስ፣ እጅ እስኪለምደው ድረስ። ወለሉ ግን ባይወለወል ይመረጣል። የሲሚንቶው አቧራ ኮቱ ጀርባ ላይ የጫማ ዱካ ያትማል፤ ንዩኺንም ያንን ዱካ ተሸክሞ፣ ሳያውቀው፣ በክብር ንግግር እንዳደረገ ለሚስቱ እንዲመሰክሩለት ታዳሚውን ይለምናል። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛውም የአልባሳት ባለሙያ ቢጥር አያመጣውም።

ተዋናዩ ቃል ቢጠፋበት የሚያነሳለት አጋር የለም። ንዩኺን ግን ንግግር አድራጊ ነውና ወረቀት ቢይዝ ማንም አይታዘበውም። ሙሉ ቃሉ ከተጻፈበት ዓይኑ ከዚያ አይነሳም፤ አምስት ስድስት አስታዋሽ ቃል ይበቃል።

የክረምት ዝናብስ? የቆርቆሮ ጣሪያ ሲንጫጫ ሁለተኛ ረድፍ ላይ ያለ ሰው እንኳ አይሰማም። ክራፕ ያለው በገዛ ክፍሉ ውስጥ ስለሆነ የአዳራሹን ዝናብ ሊያውቀው አይችልም፤ ቴአትሩ ይቆማል። ንዩኺን ያለው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል፣ ሰዓቱን ያወጣል፣ ሚስቱ በዝናቡም እሱን እንደምትወቅሰው በሚያሳብቅ ፊት ቆሞ ይጠብቃል።

ቼኾቭ በ1904 ስላረፈ ጽሑፉ ፈቃድ አይጠየቅበትም፤ ተርጓሚውን ግን መጠየቅ ተገቢ ነው። ሚስትየውን በመጋረጃ ጥግ ብቅ ማድረግ የሚያምራቸው አዘጋጆችም አሉ፤ የንዩኺን ዓይን ካሳየ ሌላ ሰው ማልበስ ትርፉ ድካም ነው። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶ ይወጣል። ጭብጨባው ቢደምቅም ተዋናዩ ፈገግ ብሎ መመለስ የለበትም፤ ከተመለሰም በአቧራማው ኮት፣ እንደ ንዩኺን ሆኖ ነው። የመድረክ መሪው «ተናጋሪያችንን እናመሰግናለን» ብሎ ወደሚቀጥለው ፕሮግራም ይለፍ።