ጠንካራ ሰውነት፣ የሚያመልጥ ሽንት

ስትሮጥ ወይም ስትዘል ሽንት ለሚያመልጣት ስፖርተኛ የሚሰጣት ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ የዳሌ ወለልሽ ላልቷል፣ እየጨመቅሽ አጠንክሪው። ምክሩ ስህተት አይደለም፤ ግን ጎደሎ ነው። የዳሌ ወለል ከፊት ካለው የዳሌ አጥንት እስከ ጭራ አጥንት ተዘርግቶ ፊኛን፣ ማህፀንንና የአንጀትን ጫፍ ከሥር የሚሸከም ጡንቻ ነው። ነገሩ የመላላት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያልወለዱ ወጣት ስፖርተኞችን ባልነካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ያልወለዱ 144 የዩኒቨርሲቲ ስፖርተኞችን ጠይቆ 28 በመቶዎቹ በስፖርት ላይ እያሉ ሽንት እንደሚያመልጣቸው አገኘ። ጂምናስቲክ ከሚሠሩት 67 በመቶዎቹ ሲያመልጣቸው፣ ከጎልፍ ተጫዋቾቹ ግን አንዷም አልነበረችበትም። በ2002 የወጣ የስዊድን ጥናት ደግሞ ከ35 የትራምፖሊን ዘላዮች 28ቱ በልምምድ ላይ ሽንት እንደሚያመልጣቸው አሳይቷል። ልዩነቱን የፈጠረው እግር ሲያርፍ ወደ ታች የሚወርደው ጫና ይመስላል። ስለዚህ ጡንቻው ምን ያህል ጠንካራ ነው ከማለት ይልቅ ያ ጫና ሲደርስ ምን ይሠራል ብሎ መጠየቅ ይሻላል ባይ ነኝ።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነኝ በ1998 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ሌላ ጥናት ነው። ሲያስሉ ሽንት የሚያመልጣቸው በዕድሜ የገፉ ሴቶች ሳሉ ከመምጣቱ ትንሽ ቀደም ብለው ጡንቻውን እንዲያጠብቁ ተማሩ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚያመልጣቸው ሽንት በእጅጉ ቀነሰ። ጡንቻ በሳምንት አይፈረጥምም። የተለወጠው ሰዓቱ ነው። እርግጥ ሳል ሲመጣ ይታወቃል፣ ሯጭ ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ልታጠብቅ አትችልም የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ልክ ነው። በሯጮች ላይ የተደረጉ የጡንቻ ኤሌክትሪክ ልኬቶችም ጡንቻው እግር ከማረፉ በፊት በራሱ እንደሚነቃ፣ ይህም ሽንት በሚያመልጣቸውም ላይ እንደሚታይ አሳይተዋል። ስለዚህ ሁሉንም በሰዓት ላይ አላሳብብም። የምለው፣ ተኝታ የምትጨምቀው ጡንቻ በዝላይ ላይ የሚገጥመውን ጫና እዚያው ዝላዩ ላይ ካልተለማመደው፣ አልጋ ላይ ያገኘችው ጉልበት ሜዳ ድረስ ላይከተላት ይችላል ነው።

ታዲያ ጭመቂ ማለቱን ለምን አንተወውም? ስለሚሠራ ነዋ። አርኖልድ ኬግል የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1948 ካቀረበው ወዲህ የተሰበሰበው ማስረጃ ብዙ ነው፤ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለው የ2018 (እ.ኤ.አ.) የኮክሬን ግምገማ ሲያስሉ ወይም ሲዘሉ ሽንት ከሚያመልጣቸው ሴቶች ልምምዱን ከሠሩት 56 በመቶዎቹ፣ ካልሠሩት 6 በመቶዎቹ ብቻ እንደዳኑ ገልጿል። ችግሩ ብዙዋ ሴት የምትጨምቀው ሌላ ቦታ መሆኑ ነው። በ1991 በወጣ ጥናት በቃል ብቻ ከተነገራቸው ሴቶች በትክክል ያደረጉት ግማሽ ያህሉ ሲሆኑ፣ ሩብ ያህሉ እንዲያውም የሽንት ማምለጡን የሚያባብስ ነገር ነበር የሚያደርጉት። ስፖርተኛ ላይ ይህ ሊብስ ይችላል፤ ጠንካራ የሆድና የመቀመጫ ጡንቻ ስላላት ሥራውን እነሱ ሊነጥቁት ይችላሉ። በጀርባዋ ተኝታ ጉልበቷን አጥፋ "ሽንትም ፈስም እንዳያመልጥሽ ያዢና ወደ ውስጥ ሳቢው" ስላት መቀመጫዋ ከፍራሹ ከተነሣ፣ ትንፋሿ ከቆመ ወይም ሆዷ ወደ ውጭ ከተነፋ፣ ቁጥር መቁጠር አልጀመርንም። ትክክለኛው ሲገኝ ከላይ የሚታይ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ ከ6 እስከ 8 ሰከንድ እየያዘች፣ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ በቀን ሦስት ዙር። ይህ ሲደላደል ቆማ፣ ቀጥሎ ከዝቅተኛ ሳጥን ላይ ወርዳ እያረፈች፣ ከዚያ እየዘለለች፣ በመጨረሻም ደክሟት ሳለ ትሠራዋለች፤ የሚያመልጣት ልምምዱ ሊያልቅ ሲል ከሆነ በጠዋት ትኩስ ጉልበት ብቻ ማለማመድ ምን ይረባል?

ስፖርቱን ትተወው የሚለውን ምክር አልቀበልም፤ ውሃ ቀንሺ የሚለውንም እንዲሁ፣ የወፈረ ሽንት ፊኛን ይቆጠቁጣልና። እኛ ዘንድ ሽንት ፈሰሰ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ፊስቱላ በመሆኑ ብዙዎች አፍረው ይደብቁታል፤ ፊስቱላ ግን አብዛኛውን ጊዜ በተራዘመ ምጥ የተፈጠረ ቀዳዳ ስለሆነ በዝላይ ሰዓት ብቻ ሳይሆን ያለማቋረጥ ያፈስሳል። በሌላ በኩል በግንኙነት ጊዜ የሚያማት፣ ሽንት ለመጀመር የምትቸገር ወይም ዳሌዋ ሁልጊዜ ተወጥሮ የሚሰማት ስፖርተኛ ሳትመረመር ጭመቂ ልትባል አይገባም። የእሷ ጡንቻ ከመጠን በላይ የተያዘ ሊሆን ስለሚችል፣ ለእሷ ልምምዱ የሚጀምረው በረጅም ትንፋሽ ጡንቻውን ከማላቀቅ ነው።