የጁገል ቅርስና ነዋሪው

ስለ ሐረር የሚጻፈውን ያነበበ ሰው አንድ ልማድ ሳይታዘብ አይቀርም። ጸሐፊው አስቀድሞ አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት አሠሩት የሚባለውን የጁገል ግንብ ያደንቃል፤ ቀጥሎ አምስቱን ጥንታውያን በሮች ይቈጥራል፤ በመጨረሻም ማታ ጅብ የሚመገብበትን ስፍራ ጐብኝቶ ጽሑፉን ይፈጽማል። በግንቡ ውስጥ ስለሚኖረው ሕዝብ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ይህ አመለካከት ነዋሪውን ብቻ ሳይሆን ቅርሱንም የሚጐዳ መሆኑን በዚህ አጭር ሐተታ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተሰጠው መግለጫ 82 መስጊዶችንና 102 የአውሊያ መቃብሮችን ይጠቅስና፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የመኖሪያ ቤቶቹ የውስጥ አሠራር እንደ ሆነ ይናገራል። ይህ ፍርድ ትክክል ከሆነ የሚከተለውም ግልጽ ነው። ግንቡን መንግሥት ሊጠግነው ይችላል፤ ጌ ጋር የተባለውን የሐረሪ ቤት ግን የሚጠብቀው በነደባው ላይ የሚቀመጠው፣ ግድግዳውን በየጊዜው ኖራ የሚቀባውና ክረምት ሳይገባ ጣራውን የሚመለከተው ነዋሪ ነው። ቤቱ የድንጋይና የጭቃ ሥራ ስለ ሆነ ሰው ከተለየው መፍረሱ አይቀርም።

ታዲያ ነዋሪውን በቤቱ የሚያጸናው ምንድን ነው? ሁለት ነገር ብቻ ልጥቀስ። አንደኛው ውሃ ነው። ሐረር ለብዙ ዘመን ውሃዋን ታገኝ የነበረው ከሐሮማያ ሐይቅ ነው። ሐይቁ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከደረቀ በኋላ ከድሬዳዋ በኩል ከተቈፈሩ ጕድጓዶች በሞተር እየተገፋ ተራራውን የሚወጣ ውሃ መጣላት። መብራት ሲጠፋ ግን ሞተሩም ይቆማል። ጀሪካን ተሸክማ ጠባቡን መንገድ ለምትወጣ እናት ስለ ቅርስ ብንነግራት በምን ጆሮዋ ትሰማናለች?

ሁለተኛው የባለቤትነት ጕዳይ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የሚከራዩ ቤቶችን ወደ መንግሥትና ወደ ቀበሌ እጅ አዛወረ። ርካሽ ኪራይ ለድኻው ዕረፍት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ተከራዩ የራሱ ላልሆነ ቤት እንጨትና ድንጋይ አይገዛም፤ ቀበሌውም በዚያ ኪራይ አናጢና ግንበኛ ሊቀጥር አይችልም። የቅርስ ዐዋቂዎች ደግሞ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የቤቱን ጠባይ ያጠፋሉ ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ የዋጋውን ልዩነት ግን ማን ይክፈል?

ቱሪስት ከበዛ ይህ ሁሉ በራሱ ይቃናል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ትልልቆቹ ሆቴሎች ከግንቡ ውጭ ስለ ሆኑ ገንዘቡ ወደ ጁገል ጓዳ የሚደርሰው በጥቂቱ ነው። ይልቁንስ ጌ ጋራቸውን ለእንግዳ ማረፊያ ያደረጉ አንዳንድ ቤተ ሰቦች ጥሩ መንገድ አሳይተዋል፤ እንግዳው የከፈለው ለራሱ ለቤቱ መጠገኛ ይሆናልና። ሆኖም ለዚህም ልክ ሊበጅለት ይገባል፤ ቤቱ ሁሉ ማረፊያ ከሆነ ጎረቤት የሚባል አይኖርም።

ስለዚህ ከጐብኚ ከሚሰበሰበው ገንዘብ የተወሰነው ለጣራ ጥገና ለነዋሪው ይሰጥ፤ የቀበሌ ተከራይም ቤቱን ሲጠግን ወጪው ከኪራዩ ይታሰብለት፤ ውሃውም ከሆቴሉ በፊት ለጁገል ቤቶች ይድረስ። ይህ ካልሆነ ስለ ቅርሱ የምናሰማው ምስጋና ሁሉ ከአንገት በላይ ሆኖ ይቀራል።