መዝሙርና ገበያ
ስለ አሜሪካ ክርስቲያናዊ ዘመናዊ ሙዚቃ ንግድ የቀረበ ሒስ

የሙዚቃ ዓይነቶች በተለምዶ የሚለዩት በድምፃቸው ነው። ጃዝን ከካንትሪ ለመለየት ጆሮ ይበቃል። በአሜሪካ «ክርስቲያናዊ ዘመናዊ ሙዚቃ» የሚባለው ግን ዜማውን ከሮክም ከፖፕም ከካንትሪም ስለሚወስድ፥ መለያው ግጥሙ ነው ይባላል። እንግዲህ ግጥሙን መርምሮ «ይህ ክርስቲያናዊ ነው፥ ይህ አይደለም» የሚለው ዳኛ ማን ነበረ ብለን ብንጠይቅ፥ በአመዛኙ የሃይማኖት ሊቅ ሳይሆን የመጻሕፍት መደብር ባለቤት ሆኖ እናገኘዋለን።

ይህን ለመረዳት ታሪኩን በአጭሩ መመልከት ይገባል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ወርድ የተባለው የሸክላ ኩባንያ በ1951 በቴክሳስ ዌኮ ከተማ ተቋቋመ። ላሪ ኖርማን በ1969 በካፒቶል ኩባንያ ያሳተመው ሸክላ ከክርስቲያን ሮክ ቀዳሚ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ይቈጠራል። በ1971 የካሊፎርኒያው ካልቨሪ ቻፕል ማራናታን መሠረተ፤ በ1976ም ስፓሮ ተከተለ። የእነዚህ ኩባንያዎች ሸክላና ካሴት በብዛት የተሸጠው በክርስቲያን መጻሕፍት መደብሮች ውስጥ፥ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጎን ተደርድሮ ነው።

ይሁን እንጂ መለያው ግጥሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ የጥቁር አሜሪካውያን ጎስፔልም በዚሁ ስም በተጠራ ነበር። ቶማስ ዶርሲ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በቺካጎ መዝሙር እየጻፈ ያሳትምና ይሸጥ ነበር፤ አንድሬ ክራውችም በ1970ዎቹ በሁለቱ ወገኖች ዘንድ ተሰምቷል። ሆኖም ቢልቦርድ መጽሔት «ክርስቲያናዊ»ንና «ጎስፔል»ን ዛሬም በተለያየ ሠንጠረዥ ይቈጥራል። አምላኩ አንድ፥ መጽሐፉም አንድ ሲሆን ሠንጠረዡ ሁለት የሆነው ስለ ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት፥ ዋናው መለያ ዜማም ግጥምም ሳይሆን ገዢው ሕዝብ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ ነገሩ የሙዚቃ ሐያሲን ብቻ ሳይሆን የሕዝቦችን ባህል የሚያጠናውን ሁሉ ይመለከታል።

የገዢው ኀይል በኤሚ ግራንት ዘንድ በግልጥ ይታያል። በ1982 ያወጣችው አልበም ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። በ1991 ግን የአምላክ ስም የማይጠራበት የፍቅር ዘፈንዋ በአገሪቱ ሠንጠረዥ አንደኛ ሲወጣ፥ ከምእመናኑ ብዙዎች «ከእኛ ወጣች» ብለው አዘኑ። በ1992 ኢኤምአይ የተባለው ታላቅ ኩባንያ ስፓሮን ገዛ። ገበያው ትርፍ እንዳለው ዓለማዊው ነጋዴ ዐውቆ ነበርና።

በሌላ በኩል ኪት ግሪን ከስፓሮ ጋር የነበረውን ውል በስምምነት አፍርሶ፥ በ1980 ያወጣውን አልበም እያንዳንዱ እንደ ዐቅሙ ከፍሎ፥ ገንዘብ የሌለውም በነጻ እንዲወስደው አደረገ። በ1982 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ተግባሩ የሚደነቅ ቢሆንም ለሁሉ ሕግ ሊሆን አይችልም፤ ዘማሪም እንጀራ ይበላል፥ የመዝሙር መጽሐፍም ከጥንት ጀምሮ ሲሸጥ ኖሯል። ስለዚህ «መዝሙር ለምን ተሸጠ» የሚለው ወቀሳ ደካማ ነው።

እውነተኛው ጕዳት ሌላ ነው። ከመዝሙረ ዳዊት ሲሶ የሚያህለው ልቅሶና አቤቱታ ነው፤ ለቤተሰብ ማጽናኛ ተብሎ የሚሸጥ ሸቀጥ ግን ልቅሶን አይወድም። ገዢን እንዳያስቀይም የተጻፈ መዝሙር፥ የተጨነቀን ሰው ያለ ቃል ይተወዋል።

ዛሬ መደብሮቹ ራሳቸው አልፈዋል፤ ፋሚሊ ክርስቲያን በ2017፥ ላይፍዌይም በ2019 ሱቆቻቸውን ዘጉ። ነገር ግን ዳኝነቱ ወደ ሌላ እጅ ተሻገረ እንጂ አልቀረም። በ1988 የተቋቋመው ሲሲኤልአይ አብያተ ክርስቲያናት ለሚዘምሩት መዝሙር የፈቃድ ዋጋ በየዓመቱ የሚከፍሉበትን መንገድ ዘርግቷል፤ ድርሻውም ብዙ ለተዘመረው ይበዛል። ለደራሲው ደመወዙን ማስገኘቱ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ጉባኤው በቀላሉ የሚይዘውን ዜማ ደጋግሞ መጻፍን ያበረታታል።

በአገራችንም በደርግ ዘመን የወንጌላውያን መዝሙር በካሴት እየተገለበጠ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፥ መዝሙሩን የሚያስፋፋው የነጋዴ መደርደሪያ ሳይሆን የሰሚው ፍቅር ነበረ። ዛሬ ይኸው መዝሙር በኢንተርኔት፥ በተመልካች ብዛት ይለካል። እንግዲህ አሜሪካውያን የተሻገሩበትን መንገድ ማጥናት ለእኛም የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የእኛ ዘማሪ ገበያው የማይፈልገውን ልቅሶ ለማን ያዜማል?