«ፍላክሰን» የተሰኘው የእንግሊዝኛ ቅጽልና የአርሲ ተልባ

የእንግሊዝኛን ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል ፈትቶ ማለፍ በትምህርት ቤቶች የተለመደ ዘዴ ነው። ጊዜ ይቆጥባል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ተማሪውን በገዛ ዕውቀቱ ያሳስተዋል። በልብ ወለድና በግጥም አልፎ አልፎ የሚያጋጥመው «ፍላክሰን» የተሰኘ ቅጽል ለዚህ ምስክር ነው።

«ፍላክስ» ተልባ ነው። መድረሻው ቅጥያ ደግሞ፣ እንደ «ዉደን» (ከእንጨት የተሠራ) ሁሉ፣ አንድ ነገር ከምን እንደ ተሠራ ይገልጻል። ከዚህ በመነሣት «ፍላክሰን ፀጉር» የሚለው «ተልባ የመሰለ ፀጉር» ተብሎ ይፈታል። በአሰላ ዙሪያ ያደገ ተማሪ ተልባን አሳምሮ ያውቃል። ማሳው ሰማያዊ ሲያብብ አይቷል፤ ፍሬው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ ሲቀርብ ቀምሷል። በአፋን ኦሮሞም ስሙ «ታልባ» ነው። ይህ ተማሪ የፀጉሩን ቀለም ሲጠየቅ «ቡናማና አንጸባራቂ» ብሎ ቢመልስ፣ ከተሰጠው ፍቺ በትክክል የተገኘ ግምት ነው። ቃሉ ግን ወደ ነጭ ያደላ ፈዛዛ ቢጫን ያመለክታል። ቀይ ብዕር የሚገባው ለፍቺው እንጂ ለመልሱ አይደለም።

ልዩነቱ የመነጨው ከሰብሉ አጠቃቀም ነው። በአርሲ ደጋ፣ እንደ ሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል፣ ተልባ የሚዘራው ለፍሬው ነው፤ የሸማኔው ድርና ማግ ጥጥ ነው። በአውሮፓ ግን ከአገዳው ልጥ ቃጫ ይወጣል። አገዳው ተነቅሎ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ደርቆ ይወቀጣል፤ በመጨረሻም ይበጠራል። ተበጥሮ የተንዠረገገው ቃጫ የሰው ፀጉር ይመስላል፤ የቅጽሉ ምስል ይኸው ነው። ቃሉ ቀድሞ «ከተልባ ቃጫ የተሠራ» ማለት ነበር፤ የቀለም ትርጉሙ ኋላ የመጣ ነው። «ፍላክስ» ራሱም መጎንጎን ከሚል ጥንታዊ ሥር እንደ ተገኘ የቋንቋ ሊቃውንት ያስረዳሉ።

የሚያስገርመው፣ አማርኛ ለዚህ የሚሆን ቃል አለማጣቱ ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ከዚህ ቃጫ የተሠራውን ልብስ «የተልባ እግር» ብለውታል። ፍሬን ከአገዳ የሚለየው ይህ አንድ ቃል፣ «እግር»፣ የመማሪያ ክፍሉን ችግር ያቃልል ነበር። የፈረንሳዩ የሙዚቃ ደራሲ ክሎድ ደቡሲ በ1910 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው የታወቀ የፒያኖ ድርሰት በእንግሊዝኛ የሚጠራው በዚሁ ቅጽል ነው። አርእስቱን «ፀጉረ ተልባዋ ልጃገረድ» ብሎ የሚመልስ ተርጓሚ ጠቆር ያለች ልጅ ይሥላል፤ «ፀጉሯ የተልባ እግር የመሰለ» የሚል ግን ከደራሲው ሐሳብ ይቀርባል።

የአሰላ መምህር ለማስረጃ ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ ከአጨዳ በኋላ ጥቂት አገዳ ቢያስመጣ ይበቃል። ሆኖም ወዲያው የተላጠው ልጥ ቀለሙ ገና ስለማይነጣ፣ አገዳው አንድ ሁለት ሳምንት በውኃ ተዘፍዝፎ ደርቆ መቅረብ አለበት።