«የ» እና ኢዷፋ፦ ስለ አንድ የማስተማር ልማድ

ነሕው በአማርኛ በሚቀራባቸው ደርሶች ኢዷፋ የሚፈታው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ፊደል ነው፤ በ«የ»። ፍቺው ትክክል ነው። የሚያሳስበው ተከትሎት የሚመጣው ማብራሪያ ነው፦ «የ» የባለቤትነት ምልክት ናት የሚለው።

አል-አጁሩሚያ ራሱ ኢዷፋን በሁለት ይከፍለዋል፤ በ«ላም» ወይም በ«ሚን» ትርጉም የሚታሰብ። ኢብኑ ማሊክ በአልፊያው «ፊ»ን ይጨምርበታል። አማርኛው ሦስቱንም ያለ ጭንቀት ይሸከማል፦ የዘይድ መጽሐፍ፣ የብር ቀለበት፣ የሌሊት ሶላት። ብሩ የቀለበቱ ባለቤት አይደለም፤ ሌሊቱም ሰጋጅ አይደለም። «ላም»ም ቢሆን ሁልጊዜ ይዞታን አያመለክትም፤ የነሕው ዑለማእ ኢኽቲሷስ የሚሉትን፣ ማለትም አንዱን ለሌላው መለየትን ጭምር ይይዛል። «የፈረስ ኮርቻ» ሲባል ኮርቻው የፈረሱ ንብረት ነው ብሎ የሚያስብ ደረሳ የለም። (በነገራችን ላይ «ከዘይድ ቤት» ስንል «የ» ትወድቃለች፤ ዝምድናው ግን ባለበት ይቆያል።) ደረሳው በቋንቋው አይሳሳትም፤ የሚያሳስተው መምህሩ ያስጨበጠው ደንብ ነው።

ደንቡ ወደ ዐቂዳ ደርስ ሲሻገር ነገሩ ከሰዋስው ያልፋል። «የአላህ ቤት» የሚኖርበት ቤት፣ «የአላህ ሩሕ»ም «የሰው እጅ» እንደሚባለው የአካል ክፍል ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። በ751 ሂጅራ ያረፉት ኢብኑል ቀይም በኪታቡ-ር-ሩሕ ጉዳዩን ለይተው አስቀምጠውታል። ወደ አላህ (ሱ.ወ.) የሚጠጋው እንደ ዕውቀት፣ ችሎታና ንግግር በራሱ የማይቆም ከሆነ ባሕርዩ ነው። እንደ ቤት፣ እንደ ነቢዩ ሷሊሕ (ዐ.ሰ.) ግመል፣ እንደ ሩሕም በራሱ የቆመ ከሆነ ግን ፍጡር ነው፤ መጠጋቱም ለክብር፣ ለተሽሪፍ ነው። ልዩነቱን የሚወስነው እንግዲህ የሙዷፉ ምንነት እንጂ «የ» አይደለችም። መምህሩ መጠየቅ ያለበትም ስለ ሙዷፉ ነው።

ለተርጓሚ ከሁሉ የሚከብደው መስደር ሙዷፍ ሲሆን ነው። «ሑብቡላህ» ለአላህ ያለን ፍቅር ነው፣ ወይስ አላህ ለባሮቹ ያለው? «የአላህ ፍቅር» ሁለቱንም ይይዛል። ዐረብኛው ዐውድ አንዱን ለይቶ ሳለ በ«የ» አድበስብሶ ማለፍ በእኔ እይታ ስንፍና ነው፤ ሙፈሲሮች በተለያዩበት ቦታ ግን ያችኑ «የ» እንዳለች ትቶ ልዩነቱን በግርጌ ማስፈር ይሻላል።