ስለ አንድ ሐኪም መጽሐፍና ስለ ሴቶች ትምህርት

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ «ሐኪም እንዲህ ብሏል» ሲባል ብዙ ሰው አምኖ ይቀበላል እንጂ ሐኪሙ ነገሩን ከወዴት እንዳገኘው አይጠይቅም። እኔም እንደዚሁ ነበርሁ።

አሁን የምነቅፈውን መጽሐፍ የጻፈው ኤድዋርድ ክላርክ የተባለ የቦስተን ሐኪም ነው፤ በአሜሪካ አገር በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ያስተማረ የተከበረ ሰው ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1873 ዓ.ም. ባሳተመው በዚህ መጽሐፍ፣ ሴት ልጅ ለአካለ መጠን በምትደርስበት ጊዜ ኃይልዋ ማሕፀንዋን ለማጽናት ያስፈልጋል፤ ይህ ኃይል በጥናት ብዛት ወደ አንጎል ከሄደ ግን በሽተኛ፣ ከዚያም አልፎ መካን ልትሆን ትችላለች ሲል አስተማረ። ስለዚህ ሴት ከወንድ ያነሰ ሰዓት ታጥና፤ የወር አበባዋም ሲመጣ ትረፍ አለ። መጽሐፉ ደጋግሞ ታተመ። ኋላ የብሪን ማር ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የሆነችው ኬሪ ቶማስ፣ በወጣትነትዋ ዘመን ይህ መጽሐፍ እንደ ጥላ እየተከተለ ያስጨንቃቸው እንደ ነበረ ተናግራለች።

ማስረጃው ምን ነበር? ሐኪሙ የገለጻቸው ጥቂት የታመሙ ልጃገረዶች ናቸው። ዳሩ ግን ወደ ሐኪም የሚሄድ የታመመ ነው፤ ጤነኛይቱ ተማሪ ከመጽሐፍዋ ፊት ተቀምጣ ሳለች ማን ቈጠራት? ተምሮ የታመመ ወጣት ወንድስ ቢመጣለት ወንድነቱን ይከስስ ነበርን?

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ሌላ ነው። ክላርክ በፋብሪካ ስለሚደክሙት ሴቶች ሲያነሣ፣ እነርሱ አንጎላቸውን እምብዛም ስለማያሠሩት ጉዳታቸው ያንሳል ብሎ ያልፋል። ቀኑን ሙሉ በመኪና ፊት መቆም ያልጎዳው ማሕፀን፣ መጽሐፍ ቢገለጥበት ይጎዳል ማለት ነው! እዚህ ላይ የሚናገረው ሕክምና ሳይሆን ልማድ እንደ ሆነ ታየኝ።

ታየኝ ያልሁትም በራሴ ቤት ስለማውቀው ነው። ታናሽ እህቴ ማታ በኩራዝ ስታጠና «ተይ፣ ራስሽን ያምሻል» እላት ነበር። ጧት ግን እንስራ አዝላ ከምንጭ ስትመለስ ወገብሽን ያምሻል ያልሁበትን ቀን አላስታውስም። ክፉ ልብ አልነበረኝም፤ ክላርክም የነበረው አይመስለኝም።

መልሱን የሰጠችው ሜሪ ፑትናም ጃኮቢ ነች። በፓሪስ የሕክምና ፋኩልቲ በ1871 ዓ.ም. የተመረቀች ሐኪም ስትሆን፣ ሴቶች በወር አበባ ጊዜ ዕረፍት ያስፈልጋቸው እንደ ሆነ ለመመርመር ጥያቄዎችን አሳትማ ላከች፤ 268 ሴቶችም መለሱላት። የደም ሥራቸውን ትርታና የጡንቻቸውንም ጉልበት በመሣሪያ ለካች። ለጤነኛ ሴት ሥራን ማቋረጥ ግድ የሚያደርግ ነገር እንዳላገኘች ጻፈች። ጽሑፉ ያለ ስም ቀርቦ በ1876 ዓ.ም. የቦይልስተንን ሽልማት አገኘ፤ ሽልማቱን የሰጠውም ያው ክላርክ ያስተማረበት ሃርቫርድ ነው። መቼም ከተጠየቁት ብዙዎቹ ሳይመልሱ ስለ ቀሩ ምርመራዋ ምሉዕ ነው አልልም። ነገር ግን ክላርክ ያላደረገውን አደረገች፤ ጤነኞቹን ጠየቀች።

በቅርቡ ስለ ፋብሪካው የተጻፈውን ለእህቴ ነገርኋት። አሁን እርስዋም የልጆች እናት ናት። ጥቂት ዝም አለችና «ወንድምዓለም፣ ለመሆኑ የዚያን ሐኪም ውኃ የሚቀዳለት ማን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።